አልማዝ መሰል ካርቦን፤ የብረት ስስ ልብስ

በ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ይህን መያያዝ በፊዚክስ ትምህርታችን ሰበቃ እንለዋለን፤ በቤት ቋንቋ መፋተግ ማለት ነው። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ መራመድ ባልቻልን፥ ክብሪትም ተጭሮ ባልነደደ፥ ምስማርም በእንጨት ውስጥ ባልጸና ነበር። ነገር ግን ይኸው ወዳጃችን በሌላ ወገን ሲታይ ቀማኛ ነው። የገበሬው ማረሻ እያደር የሚያጥረው፥ የወፍጮው ድንጋይ በየጊዜው መወቀር የሚያስፈልገው፥ የመኪናው ኩሽኔታ ጮኾ ጮኾ በመጨረሻ የሚሰበረው በእርሱ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። ኬኔት ሆልምበርግ የተባሉ የፊንላንድ ሊቅና ዓሊ ኤርደሚር የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ የቱርክ ተወላጅ በ2017 ባወጡት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዓለም ከሚጠቀምበት ኀይል 23 ከመቶው ከሚፋተጉ ነገሮች የተነሣ እንደሚወጣ ገምተዋል። ከዚሁ ውስጥ 20ው ሰበቃን ለማሸነፍ ብቻ የሚወጣ ሲሆን፥ 3ቱ ደግሞ ተበልተው ያለቁትን የመሣሪያ ክፍሎች እንደ ገና ለመሥራት የሚወጣ ነው። ሆልምበርግ ከሌሎች ጋር በ2012 ስለ ቤት መኪና ባወጡት ጥናትም ከነዳጁ ኀይል ሲሶው በሰበቃ ያልቃል ብለዋል። አገራችን ነዳጅዋን ከውጭ ገዝታ የምታመጣ ስለ ሆነች ይህ ሲሶ ለእኛም ተራ ቁጥር አይደለም።

ሰበቃን ለመቀነስ ሰው ብዙ ዘዴ ፈልጓል፤ ዘይትና ግራሶ ከሁሉ የታወቁት ናቸው። እኔ ለመግለጽ ያሰብሁት ግን በመጽሔታችን ገና ያልተነገረለትን አንድ ዘዴ ነው። ይኸውም በብረት ላይ የሚለበጥ፥ ጥንካሬን ከአልማዝ ልስላሴን ከግራፋይት የወሰደ የካርቦን ልባጥ ነው፤ ስሙም አልማዝ መሰል ካርቦን ይባላል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ልባጥ ያንሸራትታል ወይስ አያንሸራትትም ተብሎ ቢጠየቅ፥ በምን ዓይነት አየር ውስጥ ነው ያለው ብሎ ሳይጠይቁ መልስ መስጠት አይቻልም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ሰበቃ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል።

በ1699 ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ሁለት ሕጎች ጻፈ። አንደኛው፥ ሰበቃ ከጭነቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሰበቃ በሚነካካው ገጽ ስፋትና ጥበት አይለወጥም ይላል። ይህ ሁለተኛው ሕግ ሰውን ያስገርማል። አንድ ጡብ በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ቢጎተት ወይም በጠባቡ ጎኑ ቆሞ ቢጎተት የሚጠይቀው ጉልበት አንድ ነው ማለት ነውና። መምህራችን ይህን ሲነግሩን ከክፍላችን ያመነ ጥቂት ነበር፤ ጡቡን በገመድ አስረን በስፕሪንግ ሚዛን ጎትተን ካየን በኋላ ግን ሁላችንም ጸጥ አልን።

ነገሩን በሚገባ የገለጡት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፍራንክ ባውደንና ዴቪድ ቴበር ናቸው። በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ለዓይን የለሰለሰ መስሎ የሚታየው ብረት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። አንዱ ብረት በሌላው ላይ ሲቀመጥ የተራራ ጫፍ ከተራራ ጫፍ ይገናኛል እንጂ ገጽ ከገጽ አይገናኝም። ስለዚህ በእውነት የተነካካው ቦታ ከሚታየው ስፋት በጣም ያነሰ ነው። ጭነቱ ሁሉ በእነዚህ ጫፎች ላይ ስለሚያርፍ ጫፎቹ ይደፈጠጣሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። ሰበቃ ማለት የተጣበቁትን ጫፎች ለመቁረጥ የሚጠየቀው ጉልበት ነው። ሲቆረጡም ከአንዱ ወገን ፍርፋሪ ይነሣል፤ ብረት ተበላ የምንለው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ አሳብ ትልቅ ነገር ይከተላል። ሰበቃው እንዲያንስ የተፈለገ እንደ ሆነ የሚነካካው ቦታ ትንሽ፥ የመቁረጫውም ጉልበት ትንሽ መሆን አለበት። ቦታው ትንሽ የሚሆነው ዕቃው ጠንካራ ሲሆን ነው፤ ጠንካራ ነገር በቀላሉ አይደፈጠጥምና። በቀላሉ የሚቆረጠው ግን ለስላሳ ነገር ነው። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ጠንካራም ለስላሳም ሊሆን አይችልም። ባውደንና ቴበር ሁለቱን ያስታረቁት በጠንካራ ብረት ላይ እጅግ ስስ የሆነ ለስላሳ ነገር በመለበጥ ነው። የታችኛው ጭነቱን ይሸከማል፤ የላይኛው ይንሸራተታል። አልማዝ መሰል ካርቦን ሁለቱንም ሥራ ለብቻው ይሠራል፤ እንዴት እንደሚሠራው ኋላ እናየዋለን።

(ስለ መፋተግና ስለ መበላት የሚያጠናው ትምህርት የራሱን ስም ያገኘው በ1966 ነው። ፒተር ጆስት የመሩት ጉባኤ ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረበው ራፖር ትራይቦሎጂ ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ መፈተግ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። እንግሊዝ በዚህ ትምህርት በሚገባ ብትጠቀም በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ እንደምታተርፍ ራፖሩ ገምቶ ነበር።)

አሁን ወደ ካርቦን እንምጣ። ካርቦን በከሰልም፥ በጥላሸትም፥ በሰውነታችንም ያለ ተራ ንጥረ ነገር ነው። እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሌሎች አቶሞችን የሚይዝባቸው አራት እጆች አሉት ብለን እናስብ። አራቱም እጆች በየአቅጣጫው አራት ጎረቤቶችን አጥብቀው የያዙ እንደ ሆነ አልማዝ ይሆናል። ሦስት ጎረቤቶች ብቻ ተያይዘው ጠፍጣፋ ምንጣፍ የዘረጉ እንደ ሆነ ግን ግራፋይት ይሆናል። ምንጣፉ በራሱ እጅግ ጽኑ ነው፤ ምንጣፍ ከምንጣፍ ጋር የተያያዘው ግን በደካማ ኀይል ነውና በቀላሉ ይላጣል። የምንጽፍበት እርሳስ በወረቀት ላይ ጥቁር መሥመር ትቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ ያታልላል እንጂ በእርሳሳችን ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ቅንጣት ያህል እንኳ የለም፤ ያለው ግራፋይትና ሸክላ አፈር ነው።

አልማዝ መሰል ካርቦን የሁለቱ ልጅ ነው። አንዳንዶቹ አቶሞች እንደ አልማዝ፥ ሌሎቹ እንደ ግራፋይት ይያያዛሉ፤ ነገር ግን እንደ ወላጆቻቸው በሰልፍ የተደረደሩ አይደሉም፤ እንደ መስተዋት አቶሞች ያለ ሥርዓት የተከመሩ ናቸው። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም ለአሁኑ በሁለት ወገን እንከፍለዋለን። አንደኛው ወገን ሃይድሮጅን ያለበት ነው፤ ከአቶሞቹ ከ20 እስከ 50 ከመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወገን ሃይድሮጅን የሌለበት ነው፤ ከዚህም ወገን ምርጥ በተባለው ውስጥ 80 ከመቶና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ካርቦኖች እንደ አልማዝ በአራት እጅ የተያዙ ናቸው። ጥንካሬያቸው በጊጋፓስካል ሲለካ፥ አልማዝ 100 ያህል፥ ይህ ምርጡ ልባጥ እስከ 80፥ ሃይድሮጅን ያለበት ልባጥ ከ10 እስከ 30 ይደርሳል። ለኩሽኔታ የሚመረጠው ጠንካራ አረብ ብረት 7 ወይም 8 ብቻ ነው።

ሽሜለንማየር የተባለ ጀርመናዊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአሴቲሊን ጋዝ በኤሌክትሪክ ኀይል ጠንካራ የካርቦን ቅብ ማግኘቱን ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም። ነገሩ የታወቀው በአሜሪካ ሶል አይዘንበርግና ሮናልድ ቻቦት በ1971 የካርቦን አዮኖችን እየወረወሩ አልማዝ የሚመስል ልባጥ መሥራታቸውን ባሳተሙ ጊዜ ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዕቃው በሚገባ ታጥቦ አየሩ በተመጠጠ የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያም እንደ ሜቴን ወይም አሴቲሊን ያለ ጋዝ በጥቂቱ ይለቀቅና በኤሌክትሪክ ይበጣጠሳል፤ በዚህ ጊዜ ጋዙ እንደ ኒዮን መብራት ያበራል። ዕቃው ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ስለ ተሰጠው የተበጣጠሱት አዮኖች ወደ እርሱ እየተወረወሩ ይመቱታል። ዋናው ነገር ምቱ ነው። ካርቦኑ እንደ አቧራ ቀስ ብሎ ቢያርፍ ጥላሸት ሆኖ በቀረ ነበር። በኀይል ስለሚወረወር ግን ከገጹ በታች ይሰረጋል፤ ጎረቤቶቹንም እያጨናነቀ በአራት እጅ እንዲያያዙ ያስገድዳቸዋል። ሃይድሮጅን የሌለበት ወገን በጋዝ ፈንታ ከግራፋይት ላይ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚነቀል ካርቦን ይሠራል። ዕቃው በሥራው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለማይግል፥ ብረቱ በእሳት ያገኘውን ጥንካሬ አያጣም።

የልባጡ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው፤ 1 ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮሜትር ያህል ይወፍራል። እንግዲህ ከጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ልብስ ነው ብረቱን የሚጠብቀው።

እዚህ ላይ ከልባጡ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን አባቱን ግራፋይትን እንጠይቅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች እጅግ ከፍ ባለ ሰማይ ላይ መብረር ጀመሩ። በአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ በሚሽከረከረው መዳብ ላይ እየተንሸራተቱ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉ፥ ብሩሽ የሚባሉ የካርቦን ቁራጮች አሉ። እነዚህ ቁራጮች በምድር ላይ ረጅም ጊዜ ያገለግሉ ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዱቄት ሆነው ያልቁ ጀመር። ቁራጮቹ ያው ናቸው፥ መዳቡም ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሮበርት ሳቬጅ ምክንያቱን መርምሮ በ1948 አሳተመ። በከፍታ ላይ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ነው። ግራፋይት የሚንሸራተተው በገዛ ተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን የውሃ ተን በምንጣፎቹ ላይ ተቀምጦ ስለሚረዳው ነው። ተኑ ሲጠፋ፥ ለስላሳ ነው የተባለው ግራፋይት ይናከሳል፥ ተበልቶም ያልቃል። ግራፋይት የሚንሸራተተው ምንጣፎቹ ስለሚላጡ ነው ብሎ ብቻ የሚያልፍ መጽሐፍ ዛሬም አይጠፋም፤ የእውነቱን ግማሽ ተናግሯል።

የእጆቹ ምሳሌ ይህን ነገር ይገልጠዋል። በዕቃው ውስጥ ያለ ካርቦን እጆቹ ሁሉ ጎረቤት ይዘዋል። በገጹ ላይ ያለው ግን ከላይ ጎረቤት ስለሌለው ባዶ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ሌላ ካርቦን በላዩ ሲያልፍ ያን ባዶ እጅ ያገኘዋል፤ ይጨብጠዋልም። ለመላቀቅ ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህም ሰበቃ ነው። ባዶውን እጅ አስቀድሞ የውሃ ተን ወይም ሃይድሮጅን የያዘው እንደ ሆነ ግን የሚያልፈው ካርቦን የሚጨብጠው አያገኝም። ሰላምታ ሳይሰጣጡ ይተላለፋሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ቁጥሮቹን እንመልከት። የሰበቃ ቁጥር የምንለው ለመጎተት የሚያስፈልገውን ጉልበት ለጭነቱ ስናካፍል የሚገኘው ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በ5 ኪሎ ጉልበት የሚጎተት ቢሆን ቁጥሩ 0.5 ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲሄድ ቁጥሩ ከ0.5 እስከ 0.8 ያህል ይሆናል፤ ዘይት ሲቀባ ወደ 0.1 ይወርዳል። አልማዝ መሰል ካርቦን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ፥ ያለ ምንም ዘይት፥ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.2 ይሰጣል። ይህ ብቻ እንኳ የሚያስደንቅ ነው።

ነገር ግን አየሩን ስንለውጥ ሁለቱ ወገኖች በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። ሃይድሮጅን የሌለበት ልባጥ እንደ አባቱ እንደ ግራፋይት ነው። እርጥበት ባለበት አየር 0.1 ያህል የነበረው ቁጥሩ አየር በሌለበት ቦታ ወይም በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ከ0.5 በላይ ይወጣል፤ ባዶ እጆቹን የሚይዝለት የለምና። ሃይድሮጅን የሞላበት ልባጥ ግን የእጆቹን መያዣ ይዞ የተወለደ ነው። እርሱ የሚወደው ደረቁን ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ክሪስቶፍ ዶኔና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ዓመታት አየር በሌለበት ቦታ ከ0.01 በታች የሆነ ቁጥር አገኙ። ከዚያም በአሜሪካ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከላይ ስማቸውን የጠራናቸው ኤርደሚርና ባልደረቦቻቸው ከሜቴንና ከብዙ ሃይድሮጅን የተሠራ ልባጥ በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ፈትነው ቁጥሩን ወደ 0.001 አወረዱት። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በእኛ ሚዛን ልናገር፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በ100 ግራም ጉልበት መጎተት ማለት ነው! በአንድ ትንሽ ጣት ነው እንጂ በሸክም አይባልም።

ይኸው ድንቅ ልባጥ እርጥበት ወዳለበት አየር ሲወጣ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። የውሃ ቅንጣቶች በሁለቱ ገጾች መካከል እየገቡ ይጎትቷቸዋል፤ ሁለት የረጠቡ የመስተዋት ቁራጮች ተጣብቀው ለማላቀቅ እንደሚያስቸግሩ ያለ ነው። ስለዚህ አንዱን የሚጠቅም ውሃ ሌላውን ይጎዳል። በጋዜጣ ላይ በዓለም የመጨረሻው አንሸራታች ነገር ተገኘ ተብሎ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ይህ ክፍል ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ልባጡ ጠንካራ ከሆነ፥ ባውደንና ቴበር የፈለጉት ለስላሳው ቆዳ ከወዴት ይመጣል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የመለኪያው መሣሪያ ነው። መሣሪያው እንደ ሸክላ ማጫወቻ ያለ ነው። ልባጡ ያለበት ክብ ዕቃ ይሽከረከራል፤ በመርፌው ፈንታ አንዲት የብረት ኳስ በታወቀ ጭነት ትጫነዋለች፤ የሚጎትታትም ጉልበት ይመዘገባል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሰበቃው ቁጥር ከፍ ብሎ ይቆይና ቀስ በቀስ ወርዶ ይረጋል። ኳሲቱ ተነሥታ ስትታይ በተነካችበት ቦታ ጥቁር ነገር ተለጥፎባት ይገኛል። ይህም ከልባጡ ተነሥቶ ወደ ኳሲቱ የተሻገረ ካርቦን ነው። ሕንዳዊው ሊቅ ራማን በ1928 ባገኘው የብርሃን ምርመራ ሲታይ፥ የተሻገረው ካርቦን ከአልማዝነቱ ወደ ግራፋይትነቱ ያዘነበለ ሆኖ ይገኛል። ግጭቱና በጫፎቹ ላይ የሚነሣው ሙቀት አራት እጅ የነበረውን አያያዝ ወደ ሦስት ለውጦታል። እንግዲህ ልባጡ ለስላሳውን ቆዳ ራሱ በሥራ ላይ እያለ ይሠራዋል፤ ከራሱ ጥቂት ለባልንጀራው ያለብሳል፥ ከዚያም በኋላ የሚፋተጉት ብረትና ካርቦን መሆናቸው ቀርቶ ካርቦንና ካርቦን ይሆናሉ። የመጀመሪያዋ ጥቂት መበላት የኋለኛውን ብዙ መበላት ታስቀራለች። ከዚህ ሁሉ ነገር እኔን እጅግ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ምን ያህል ይበላል? እንግሊዛዊው አርቻርድ በ1953 ባወጣው ሕግ፥ የሚበላው መጠን በጭነቱና በተሄደው ርቀት ልክ ያድጋል። አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ለልባጡ የሚመች የመበላት ቁጥር እንውሰድ፤ ይኸውም 1 ኒውተን ጭነት ይዞ 1 ሜትር ሲሄድ የኪዩቢክ ሚሊሜትር አንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ የሚበላ ይሁን። ጭነቱን 10 ኒውተን (የ1 ኪሎ ክብደት ያህል)፥ ርቀቱን 100 ኪሎ ሜትር፥ ማለት ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያህል እናድርገው። 10ን በ100,000 ሜትር አባዝተን ለ10,000,000 ስናካፍል 0.1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር እናገኛለን። የሚፋተገው ቦታ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ይህ መጠን በላዩ ሲካፈል 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ይወጣል። እንግዲህ 2 ማይክሮሜትር የሆነው ልባጥ አዳማ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ይበቃል። ዘይት ያልተቀባ ብረት ግን በመቶ እጥፍ ሊበላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያው ውፍረት በ2 ኪሎ ሜትር ያልቃል፤ ከከተማ እንኳ ሳይወጣ ማለት ነው። በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ የተፈተኑት የአርጎን ልባጦች ደግሞ እኛ ከወሰድነው ቁጥር በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ የመበላት ቁጥር አሳይተዋል።

ይህን ሁሉ ምስጋና ከሰጠሁ በኋላ ጉድለቱን ብደብቅ አድልዎ ይሆንብኛል። የመጀመሪያው ጉድለት ሙቀት ነው። ሃይድሮጅን ያለበት ልባጥ 300 ወይም 400 ዲግሪ ላይ ሃይድሮጅኑን መልቀቅና ወደ ግራፋይት መለወጥ ይጀምራል፤ አየር ካገኘም ይቃጠላል። ሁለተኛው የዘይት ነገር ነው። ለብረት ተብሎ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨመር፥ ሞሊብዴነም ያለበት አንድ ቅመም አለ፤ ብረትን ከሰበቃ የሚያድነው ይህ ቅመም ሃይድሮጅን ያለበትን ልባጥ ከብረት ጋር ሲፋተግ እንደሚያስበላው ታውቋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሆነ።

ሦስተኛውና ከባዱ ጉድለት ልባጡ ከተለበጠበት ዕቃ መላጡ ነው። አዮኖቹ በኀይል ተወርውረው ስለሚጨናነቁ በልባጡ ውስጥ ትልቅ ግፊት ተይዞ ይቀራል፤ በምርጡ ልባጥ 10 ጊጋፓስካል ያህል ሊደርስ ይችላል። ልባጡ ቢወፍር ይህ ግፊት ራሱን ገንጥሎ ያነሣዋል። ልባጡ ብዙ ማይክሮሜትር እንዳይወፍር የሚከለክለውም ይህ ነው። ስለዚህ በመካከል ክሮሚየም ወይም ሲሊኮን ወይም ሌላ አያያዥ ይቀባል፤ ከስሩም ያለው ዕቃ ጠንካራ ካልሆነ ልባጡ በለስላሳ ፍራሽ ላይ እንደ ተዘረጋ መስተዋት ተሰብሮ ይቀራል።

የመላጡ ጉዳት በሰው ሰውነት ላይ ታይቷል። ዳሌአቸው ለታመመባቸው ሰዎች የዳሌውን አጥንት ራስ አውጥቶ በብረት ኳስ የሚተካ ሕክምና አለ። ኳሱ በፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ ይዞራል፤ ፕላስቲኩ እንዳይበላ ኳሱ የለሰለሰና ጠንካራ መሆን ይገባዋል። ከ1993 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በአውሮፓ ከታይታኒየም ተሠርቶ በአልማዝ መሰል ካርቦን የተለበጠ ኳስ ለ101 ሕመምተኞች ተደረገላቸው። በላቦራቶሪ ሲፈተን ምንም ነውር አልተገኘበትም ነበር። በመጀመሪያው ዓመትም ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኳሶቹ አንድ በአንድ ይበላሹ ጀመር፤ ስምንት ዓመት ተኩል ሲሆን ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ እንደ ገና ተቀድደው ሌላ ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

የወጡት ኳሶች ሲመረመሩ ልባጡ ራሱ አልተበላም፤ በየቦታው እንደ ክብ ጠባሳ ተላጥቶ ነበር። በልባጡ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ። በእነዚያ ቀዳዳዎች የሰውነት ፈሳሽ ገብቶ ካርቦኑንም ታይታኒየሙንም ሳይነካ በመካከል ያለውን አያያዥ ቀስ በቀስ በላው። አያያዡ ሲያልቅ ልባጡ ተነቀለ፤ የተነቀለውም ጠንካራ ፍርፋሪ ኳሱን ይሞርደው ጀመር። መሣሪያው በላቦራቶሪ ኳሱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሚሊዮን እርምጃ አስኪዶት ይሆናል፤ ዝገት ግን እርምጃ አይቆጥርም፤ ዓመት ነው የሚቆጥር። ከዚህ በኋላ የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ልባጡ ምን ያህል ይበላል ብለው ከመጠየቃቸው በፊት አያያዡ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል ብለው መለካት ጀምረዋል።

ልባጡ ተስማምቶት የሚሠራበት ቦታ ግን ብዙ ነው። በ1998 የወጣው ጂሌት ማክ 3 የተባለው ምላጭ ስለቱ በዚህ ካርቦን የተለበጠ ነበር። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩት ክፍሎች ናፍጣው ራሱ ብቻ እያለሰለሳቸው የሚሠሩ ስለ ሆነ ልባጡ ከመበላት ያድናቸዋል። ኒሳንም በ2000ዎቹ ዓመታት ሃይድሮጅን የሌለበትን ልባጥ ቫልቭ በሚገፉት ክፍሎች ላይ አድርጎ ተጠቅሞበታል።

ከሁሉ የሚደንቀው በኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ነው። ዲስኩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ የሚያነበው ራስ ከዲስኩ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይበርራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይነካዋል። 1 ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺኛ ነው። በዲስኩ ላይ ያለው ልባጥ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ናኖሜትር ነው፤ ሃያ የካርቦን አቶሞች ቢደራረቡ የሚያህል ማለት ነው። ከ2024 ወዲህ በብዛት መቅረብ የጀመሩት አዲስ ዲስኮች ደግሞ በሌዘር ብርሃን ለቅጽበት ከ400 ዲግሪ በላይ እየጋሉ ይጻፍባቸዋል። ይህም ሃይድሮጅን ያለበት ልባጥ የማይችለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ አሁን በዚያ ሙቀት የሚፈትኑት ሃይድሮጅን የሌለበትን ነው፤ ጥያቄውም እነዚያ ሃያ የአቶም ድርቦች በየሴኮንዱ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ በሚተኮሰው ሙቀት ስንት ዓመት በአራት እጅ ተያይዘው ይቆያሉ የሚል ነው።